የወይዘሮ ፋንታዬ ማኑሄ ዕረፍትና መግለጫችን የዘገየበት ምክንያት

ከደወል ክርስቲያናዊ ሬዲዮ ጣቢያ ቦርድ፣ ግራንድ ፕሬሪ
ለአድማጮቻችን፣ ለበጎ ፈቃድ ሠራተኞችና ለመላው ማኅበረሰባችን

የጣቢያችን መሥራች አባልና የማለዳው ዝግጅት አቅራቢ ወይዘሮ ፋንታዬ ማኑሄ፣ በክርስትና ስማቸው ወለተጊዮርጊስ፣ ድንገት ታመው ዳላስ ሆስፒታል በገቡ ማግስት ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ማረፋቸውን የምናሳውቀው ልባችን ተሰብሮ ነው። ብዙዎቻችሁ ዜናውን ከሰው ሰምታችሁ ጣቢያው ለምን ዝም አለ ብላችሁ ተቆጥታችኋል። ቁጣችሁ ይገባናል፤ ምክንያቱን ከታች እንገልጻለን።

በ2007 ዓ.ም. ጣቢያው ሲቋቋም ወይዘሮ ፋንታዬ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበሩ። ከግራንድ ፕሬሪ በስተደቡብ፣ ከተማው አልቆ ግጦሽ በሚጀምርበት ገጠር ለሰፈሩ፣ በግና ፍየል ለሚያረቡና መጋዘን ለሚሠሩ ወገኖቻችን በቋንቋቸው የሚጸልይ ሬዲዮ ያስፈልጋል ብለው የተነሡት እሳቸው ናቸው። ኑሯቸውን በኧርቪንግ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ እየገፉ፣ ከጣቢያው ክፍያ ሳይጠይቁ ማለዳ ማለዳ ማይክሮፎኑ ፊት ይገኙ ነበር። ዝግጅታቸውን ሁልጊዜ የሚከፍቱት የዕለቱን ቅዱስ በመጥራት ነው። «ዛሬ ማርያም ናት» ይሉና ጸሎቱን፣ የአየሩን ጠባይ፣ አልፎ አልፎም የጠፋ ፍየል ምልክት ያነባሉ።

በ2009 ዓ.ም. የጸሎት ልመና መስሎ የመጣ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ አላነብም ብለው መለሱ። ጣቢያችን እስከ ዛሬ ማስታወቂያ የማይሸጠው በእሳቸው ግትርነት ነው። ይህ ግትርነት ለቦርዱም ቀላል አልነበረም።

በ2011 ዓ.ም. ጣቢያችን ተቻኩሎ ባነበበው የሕልፈት ማስታወቂያ አንዲት እህታችን የአባቷን ሞት መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየደረደረች ከሬዲዮ ሰማች። ወይዘሮ ፋንታዬ ይህ እንዳይደገም ሥርዓት አወጡ፦ መርዶ ለቅርብ ቤተሰብ በአካል ሳይነገር የማንም ሞት በጣቢያችን አይነበብም። ሰው ክፉ ወሬ ሲሰማ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ይኑር፣ ይሉ ነበር።

በየካቲት 2013 ዓ.ም. ከባድ ብርድ ገብቶ መብራት በጠፋ ጊዜ፣ የማን ቤት እሳት እንዳለው፣ ማን ሕፃን እንደያዘ በስልክ እያጠያየቁ ብዙ ቤተሰቦችን አስጠግተዋል።

አሁን ስለ ዝምታችን። ወይዘሮ ፋንታዬ በዚህ አገር ያላቸው የሥጋ ዘመድ ታላቅ ወንድማቸው አቶ ነጋ ማኑሄ ብቻ ናቸው። አቶ ነጋ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ነጂ ሲሆኑ፣ እህታቸው ሲያርፉ ከካሊፎርኒያ ጭነው እየተመለሱ ነበር። መሪ እንደጨበጡ እንዲህ ያለውን ወሬ እንዳይሰሙ፣ ቤታቸው እስኪገቡ ምንም እንዳይነገር ቦርዱ ወሰነ። በየማለዳው የእህታቸውን ዝግጅት በስልክ ስለሚያዳምጡም፣ ድምፃቸው ቢጠፋ ይጠረጥራሉ ብለን ቀደም ሲል ከተቀዱት ዝግጅቶች አንዱን ለቀቅን።

ስንለቀው ቀድመን አላደመጥነውም። ዕለቱ ገብርኤል ነበር፤ ወይዘሮ ፋንታዬ ግን በቅጂው ላይ «ዛሬ ሚካኤል ነው» ይላሉ። በዚህ ሁሉ ዓመት ዕለት ተሳስተው አያውቁም። አቶ ነጋ ኒው ሜክሲኮ ላይ መኪናቸውን ዳር አስይዘው ቆሙ። ገብቷቸዋል።

እኛ ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ጥቅምት 21 ቀን ጎህ ሲቀድ ቀሲስ እንድሪያስና ሽማግሌዎች በራቸውን ሲያንኳኩ፣ አቶ ነጋ ለባብሰው ተቀምጠው ነበር። መርዶውን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ከዚያ አለቀሱ። ለምን እንዳልደወሉልን በኋላ ሲጠየቁ የመለሱትን እንዳለ እናሰፍራለን፦ «ኮል ባደርግ እናንተም ትደነግጡ ነበር። ማለቴ፣ ያን ሁሉ የደከማችሁት ለኔ ብላችሁ ነው። ሶ፣ ዝም ብዬ ድራይቭ አደረግኩ። ሰው መጥቶ ይንገረኝ ብዬ ጠበቅኩ።»

ጣቢያችን አቶ ነጋን ይቅርታ ይጠይቃል። እህታቸው ማንም ብቻውን መርዶ እንዳይሰማ ያወጡትን ሥርዓት እንጠብቃለን ስንል፣ ወንድማቸው ሐዘናቸውን ብቻቸውን ይዘው ያን ሁሉ መንገድ እንዲነዱ አደረግን።

የወይዘሮ ፋንታዬ ሥርዓተ ቀብር ወንድማቸውና ወዳጆቻቸው በተገኙበት ተፈጽሟል። ለአቶ ነጋ፣ ለወይዘሮ ፋንታዬ የሥራ ባልደረቦች፣ በየማለዳው ድምፃቸውን ለለመዳችሁ ሁሉ እግዚአብሔር መጽናናቱን ይላክልን፤ የእህታችንንም ነፍስ በቅዱሳኑ ማደሪያ ያኑርልን።

ይህ መግለጫ በአየር ላይ ከመነበቡ በፊት አቶ ነጋ ቤት ሄደን፣ አብረናቸው ተቀምጠን አንብበንላቸዋል። ይቅርታ የምንጠይቅበትን ቦታ እንድናወጣው ለመኑን። አላወጣነውም።