ሰዓታቸውን ያረሙት ዲያቆን አስረሳኸኝ ፊሊጶስ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ወገኖችና ወዳጆች፤ በዚህ ጽሑፍ የሚነበበው ዘመንና ሰዓት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የአገሩ፣ ማለትም ዛሬ የምንኖርበት የባዕድ አገር፣ አቆጣጠር የሚያስፈልግበት ቦታ ሲደርስ ለብቻው ይነገራል። እንዲህ ተጠንቅቆ እንዲጻፍ ያዘዙት ዛሬ የምንሸኛቸው ዲያቆን አስረሳኸኝ ራሳቸው ናቸው፤ ምክንያቱም በየቦታው ይገለጣል።

ዲያቆን አስረሳኸኝ ከአባታቸው ከመሪጌታ ፊሊጶስ አምሃና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤርጎጌ ተክሌ ጥቅምት 5 ቀን 1957 ዓ.ም. በቀድሞው የሸዋ ክፍለ ሀገር፣ በመርሐ ቤቴ አውራጃ፣ ወይራ አምባ በተባለው ቦታ ተወለዱ። አባታቸው ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው መጻሕፍት የሚገለብጡ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ልጃቸውም ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ከአባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው ቁም ጽሕፈት ተማሩ። በዚያ ቤት አንድ ጽኑ ሥርዓት ነበረ። የተገለበጠ ሁሉ ሳይናበብ በቆዳ አይደጎስም፤ አንዱ ከእናት መጽሐፉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌላው አዲሱን በጣቱ ይከተላል። መሪጌታ ፊሊጶስ “የጻፈ ዓይን የራሱን ስሕተት አያይም፤ ሁለተኛ ዓይን ጥራ” ይሉ ነበር። ይህ ቃል ከልጃቸው ጋር ባሕር ተሻግሯል።

በ1968 ዓ.ም. ማዕርገ ዲቁና ተቀበሉ። በዓለም ከተማ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈጽመው ወደ አዲስ አበባ በመሄድ በአንድ የመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት ለዐሥራ ሦስት ዓመታት የመዝገብ ጸሐፊ ሆነው አገለገሉ። በ1990 ዓ.ም. ወደ ጆሀንስበርግ መጡ። እንግዳ ሆነው ሲገቡ የተቀበሏቸው ከሆሳዕና የመጡትና በጀፕስታውን የጅምላ ሱቅ ያላቸው አቶ ዱካሞ ናቸው። ከእሳቸው ሱቅ መጋረጃና የአልጋ ልብስ እያወጡ፣ በትከሻቸው ተሸክመው፣ በሶዌቶ ቤት ለቤት እየዞሩ አምስት ዓመት ሸጡ። በእነዚያ ዓመታት ያልተማሩት የዙሉ ሰላምታ አልነበረም፤ የማያውቃቸው የሶዌቶ ውሻም አልነበረም ይባላል።

በ1993 ዓ.ም. ወይዘሮ አለምወርቅ እሸቱን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ዝማሬንና አቢይን ወልደዋል።

በ1995 ዓ.ም. ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ባለ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት በጫኝነት ተቀጠሩ። አንድ ቀን የአድራሻ ማተሚያው ተበላሽቶ ሥራ ሲቆም የዕለቱን አድራሻ ሁሉ በእጃቸው ጻፉ። ያን ጽሑፍ ያየችው ሥራ አስኪያጅ “ይህ ሰው ሸክም ላይ ምን ይሠራል?” ብላ ወደ ጠረጴዛ አመጣቻቸው። የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ካገኙ በኋላ የፖሊስን ፈተና አልፈው የብቃት ማረጋገጫ ስለተሰጣቸው፣ በ2001 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ ጭነት ወደሚዘጋጅበት ባለ ፍርግርጉ ክፍል ተዛወሩ።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ይነገር። በሕግ የሚላክ መሣሪያ ከአንድ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ወደ ሌላ ፈቃድ ወዳለው ነጋዴ እንጂ ወደ ማንም ሰው ደጃፍ አይሄድም። ጥይት ለብቻው፣ መሣሪያው ባዶነቱ በዓይንና በጣት ተረጋግጦ ለብቻው ይታሸጋል። ሳጥኑ በውጭ ሲታይ ድስት ይሁን መጽሐፍ አይታወቅም፤ ሌባን የሚጠራ ቃል አይጻፍበትም። ነገር ግን በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር፣ በፈቃዱ ላይ ያለው፣ በሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ወረቀትና በመዝገቡ የሚሰፍረው አራቱም አንድ መሆን አለባቸው። ዲያቆን አስረሳኸኝ የአባታቸውን ማናበብ ወደዚህ ክፍል አስገቡ። ሁለተኛ ሰው ጠርተው፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ ሳያናብቡ ሳጥን አላሸጉም። ባልደረቦቻቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ በኋላም በዙሉ ቋንቋ ምፉንዲሲ፣ ማለትም ቄሱ፣ አሏቸው። ስሙ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቃቸውም።

በቤተ ክርስቲያን አካባቢ “ዲያቆን ሆኖ ጠመንጃ?” ያለ አልጠፋም። እሳቸውም አስቀድመው ከነፍስ አባታቸው መክረው ስለነበር እንዲህ ይመልሱ ነበር፦ “ሰው የሚፈጀው የት እንዳለ የማይታወቀው መሣሪያ ነው። የእኔ ሥራ የት እንዳለ ማወቅ ነው።”

ከዚህ በታች ያለው ከሕይወታቸው ሁሉ ይልቅ እንዲነበብ የፈለጉት ክፍል ነው። በሕመማቸው ወቅት ለባለቤታቸው “ይህን ሳታስነብቢ እንዳታስቀብሪኝ” ብለው አደራ ብለዋል።

ሐምሌ 28 ቀን 2009 ዓ.ም. ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበረ። ያን ቀን ጠዋት ዲያቆን አስረሳኸኝ ከሥራ ጠረጴዛቸው ሆነው ለሱባዔው የካህናትንና የዲያቆናትን ተራ ይጽፉ ነበር። ቅዳሴ በስድስት ሰዓት፣ ጸሎተ ሰዓታት በሌሊቱ ስምንት ሰዓት እያሉ ዝርዝሩን ጨርሰው፣ በስልካቸው ፎቶ አንሥተው ለሰበካ ጉባኤው ላኩ። ወዲያው የጭነት መኪናው ደረሰና ወደ ሰሜን የሚሄዱ ዘጠኝ ሳጥኖችን አስረከቡ። ቁጥሩን እንደ ልማዳቸው አናበቡ። ሰዓቱን ግን ማንም አላናበበም። ያ ሰዓት በአገሩ አቆጣጠር ዘጠኝ ከዐሥር ነበረ፤ ልባቸው ግን ገና ከቅዳሴው ተራ አልወጣምና በአዲስ ገጽ መጀመሪያ ላይ ሦስት ከዐሥር ብለው ጻፉ። ያን ስሕተት ኢትዮጵያዊ ካልሆነ በቀር ማንም አይሳሳተውም። መዝገቡን ለሚያነብ ለአገሩ ሰው ግን ዘጠኝ ሳጥን መሣሪያ ከካዝናው የወጣው በሌሊት፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ነበረ።

እሳቸው ነሐሴ 1 ቀን ፈቃድ ወስደው፣ ስልካቸውን ዘግተው ሱባዔ ገቡ። በእነዚያ ቀናት ከዘጠኙ ሳጥኖች ስምንቱ ብቻ ደረሱ። መርማሪዎች መጥተው መዝገቡን ገለጡ። ሾፌሩ “ጠዋት ነው የተረከብኩት” ቢልም ከፊርማው አጠገብ ሰዓት አልጻፈም፤ የክፍሉ ካሜራም በዚያ ሳምንት ለጥገና ተነቅሎ ነበር። በዚያ ሌሊት በግቢው የነበሩት፣ የካዝናውን ሁለተኛ ቁልፍ የያዙት የሌሊት ጠባቂው ባባ ምላንጌኒ ብቻ ነበሩ። የቮስሎሩስ ነዋሪ፣ አራት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ፣ በዐሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ያላረፈዱ ሰው ናቸው። ነሐሴ 5 ቀን ታሰሩ።

ዲያቆን አስረሳኸኝ ነሐሴ 17 ቀን፣ በእመቤታችን በዓል ማግሥት፣ ደስ ብሏቸው ወደ ሥራ ሲገቡ ይህን ሰሙ። ገጹን ሲያሳዩአቸው የራሳቸውን እጅ ጽሑፍ አወቁ። “ሦስት ከዐሥር ላይ ምን ሆኖ ነበር?” ተብለው ሲጠየቁ ግን “ላስብበት” ብለው ወጡ። እነሆ እንዲነበብ ያዘዙት ይህ ነው፦ ሁለት ቀን ዝም አሉ። ሐሰተኛ ሰዓት በመዝገብ ማስፈር ማረጋገጫን የሚያስነጥቅ፣ ከዚያም አልፎ የሚያስከስስ ነበርና ፈሩ። ዘጠነኛው ሳጥንም ገና አልተገኘም።

በሁለተኛው ቀን አቶ ዱካሞ ዘንድ ሄደው ምክር ጠየቁ። አቶ ዱካሞም ዛሬ በመካከላችን አሉና የተናገሩትን ራሳቸው አልሸሸጉም። “ዲያቆኔ፣ ሳጥኑ እስኪገኝ አፍህን ያዝ። ዛሬ ብትናገር ሳጥኑን የበላኸው አንተ ነህ ይሉሃል። ጠባቂው አገሩ ነው፤ ይፈቱታል። አንተን ማን ይፈታሃል?” አሏቸው። ከዘመድም መካከል ይህን ምክር ያጸና ነበረ።

ወደ ቤታቸው ተመልሰው ለወይዘሮ አለምወርቅ ነገሯቸው። እሳቸውም የሚያጥቡትን ሳህን አስቀምጠው፣ “መጋረጃ መሸጥ አልረሳንም፤ እኔም እሸከማለሁ። ግን የሰው አባት በአንተ ቀለም ታስሮ፣ አንተ እሑድ መቅደስ ገብተህ ተንሥኡ ለጸሎት ስትል ማንን ነው የምታስነሣው?” አሏቸው።  በዚያው ምሽት ዲያቆን አስረሳኸኝ ጫማቸውን ሲወለውሉ ታዩ።

ነሐሴ 19 ቀን ከመርማሪዋ ፊት ቀርበው “ሰዓቱን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ” አሉ። የእኛ ቀን ከፀሐይ መውጫ እንደሚቆጠር አስረዱ። መርማሪዋ “ቆንጆ ተረት ነው፤ ምን ማስረጃ አለህ?” ብላ ጠየቀች። እሳቸውም በዚያ ጠዋት የጻፉትን የተራ ዝርዝር አወጡ። በዚያ ላይ የቀትሩ ቅዳሴ ስድስት ሰዓት ተብሏል። ፎቶው የተላከበት ደቂቃ ደግሞ በስልኩ ታትሟል፤ በአገሩ አቆጣጠር ዘጠኝ ከአራት። መኪናው ከመጫኑ ስድስት ደቂቃ በፊት ማለት ነው። መርማሪዋ ለሰበካ ጉባኤው ደውላ አረጋገጠች። ከዚያም “ለምን ከትናንት ወዲያ አልተናገርክም?” አለች። “ፈርቼ” አሉ።

ባባ ምላንጌኒ በማግሥቱ ተፈቱ። ዲያቆን አስረሳኸኝ ከሥራ ታገዱ፤ ማረጋገጫቸውም ተያዘ። ዘጠነኛው ሳጥን መስከረም ከጠባ በኋላ በመንገድ ላይ ባለ ሌላ ቅርንጫፍ ካዝና ውስጥ፣ ከሌላ ጭነት ኋላ ተገፍቶ፣ ማኅተሙ ሳይነካ ተገኘ። እገዳው ግን ሰባት ወር ቆየ። በእነዚያ ወራት ዲያቆን አስረሳኸኝና ወይዘሮ አለምወርቅ መጋረጃውን ተሸክመው እንደገና ሶዌቶን ዞሩ። ወይዘሮ አለምወርቅ እንደሚሉት ባለቤታቸውን እንደዚያ ዘመን ቀልሏቸው አይተዋቸው አያውቁም።

አንድ ቅዳሜም ቮስሎሩስ ሄደው የባባ ምላንጌኒን በር አንኳኩ። ባባ ምላንጌኒ በሩን ከፍተው፣ ዲያቆኑ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ ይዘው አነሡአቸውና፣ “ምፉንዲሲ፣ ዐሥራ አምስት ሌሊት ነው የታሰርኩት። ሁለቱ የአንተ ናቸው፤ የቀረው የሰዓቱ ነው። ሁለቱን ይቅር ብያለሁ። ግባ፣ ሻይ ጠጣ” አሏቸው።

ወደ ሥራ ሲመለሱ መዝገቡ አልተሰጣቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲሰጣቸው ግን ሁለተኛ ዓይን እንዲመደብላቸው ለመኑ፤ ባባ ምላንጌኒም ከሌሊት ወደ ቀን ተዛውረው አናባቢያቸው ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሰዓትም ይናበባል። በየማለዳው የመጀመሪያው መስመር ሲጻፍ ባባ ምላንጌኒ “ምፉንዲሲ፣ ይህ የማን ሰዓት ነው? የአንተ ወይስ የእኛ?” ይላሉ፤ ዲያቆን አስረሳኸኝም “የእናንተ ነው ባባ፤ የእኔን እቤት ትቼው መጥቻለሁ” ይመልሳሉ። ሰባት ዓመት ያህል ይህ ቀልድ አልሰለቻቸውም። በእነዚያ ዓመታት ካሸጓቸው ሳጥኖች አንድም በተሳሳተ አድራሻ አልደረሰም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በመሣሪያ እየታጠበ እንኳ ሰንበት ቅዳሴ አላስታጎሉም። በመጨረሻም ንስሐ ገብተው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አለምወርቅ እሸቱ፣ ልጆቻቸው ዝማሬና አቢይ፣ በአገር ቤት ያሉ አንዲት እኅታቸውና አንድ የልጅ ልጃቸው ቀርተዋል።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ከመሄዱ በፊት፣ በመሪጌታ ፊሊጶስ ሥርዓት መሠረት ተናብቧል። ዝማሬ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰች አነበበች፤ ባባ ምላንጌኒ መነጽራቸውን አድርገው፣ አማርኛውን ባያውቁም ቁጥሮቹን በጣታቸው ተከተሉ። የቀብሩ ሰዓት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። “ይህስ የማን ሰዓት ነው?” ብለው ጠየቁ። ራሳቸውም መልሰው “ዛሬስ የእሱ ይሁን” አሉ።

ስለዚህ ቀብሩ ኅዳር 13 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ተብሎ ታትሟል። በአገሩ አቆጣጠር ከቀትር በፊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ባባ ምላንጌኒም ከሬሳ ሳጥኑ ተሸካሚዎች አንዱ ናቸው።

ዕድሜያችንን መቁጠር የሚያስተምረን፣ በእርሱ ዘንድ ስሕተት የሌለበት አምላክ፣ የአገልጋዩን የአስረሳኸኝን ስም በሕይወት መዝገብ ያስፍርልን፤ የሁለቱን ቀን ዝምታ ይቅር ብሎ የሦስተኛውን ቀን ቃል ያስብላቸው፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍ፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥ። አሜን።