ያልታጠረው ስድስት ክንድ

ጥቅምት 14፣ ሰኞ። ጠዋት።

ተራዬ ነበር። የማሽላ ገንፎ ለየኔታ አደረስሁ። ቀመሱ። ጨው አነሰው አሉ። ጨው ከአሶሳ ያመጣልኝ የነበረው ባሌ አፈር ውስጥ ነው አላልሁም። ገበታዬን ይዤ ተመለስሁ።

የቅ/ሚካኤል ተማሪ ቤት በወላጅ ነው የቆመው። የኔታን በተራ እናበላለን፣ ጣራውን በጋራ እንከድናለን። ዘንድሮ ደግሞ አጥር መጣ። ጭቃ ሹሙ (ወረቀት ያልቃል፣ ጭ/ሹም እለዋለሁ) ትናንት በገመድ ለካ። ለየቤቱ ስድስት ክንድ። ለኔም ስድስት። የሰው ድርሻ ሌላ ሰው እንዳይነካ ተማማሉ። ለህዳር ሚካኤል ይድረስ ተባለ።

ስለ ልጄ ልናገር ብድግ አልሁ። ገና አፌን ሳልከፍት፣ ሴት በወላጅ ሸንጎ አፍ የላትም አለኝ ጭ/ሹም፤ ዶሮ ከስጥ እንደሚያባርር በእጁ እሽ እሽ እያለ።

እንግዲህ ስማኝ ወረቀት። ስድስት ክንድ አጥር አለብኝ። አፍ የለኝም።

ጥቅምት 16፣ ረቡእ።

አባ ነጋ ቀርከሀ ቆርጦ አመጣልኝ። ሽናሻ ነው፣ ጎረቤቴ። የልጅ ልጆቹ እዚያው ይማራሉ። ሳይለመን ይመጣል። "አንተ፣ የት ላኑር?" ይለኛል። አማርኛው ሴት አያውቅም፤ እዚህ ቡለን ከመጣሁ ጀምሮ "አንተ" ነኝ። ላሙ "እሱ" ነው። ሚስቱም "እሱ" ነው። መጀመሪያ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። አሁን ለመድሁ። ሚስቱ እድሜዋን ሙሉ "እሱ" ተብላ ምንም አልሆነችም።

ስለ ልጄ ስለ ደስታ ነገርሁት። ሰባት አመቷ ነው፣ ፊደል ትቁጠርልኝ አልሁት። አንተ አፍ አለህ፣ ተናገርልኝ። ጺሙን አከከ አከከና "እሺ። እኔ ዋስ" አለኝ። የኔን ንግግር ቀትሩን ሙሉ አዳመጠ።

እኔ ፊደል የለቀምሁት ጎጃም ነው፣ ካጥር ውጭ። ወንድሜ ውስጥ ተቀምጦ ይጮሀል፣ እኔ ውጭ ጆሮዬን እደግናለሁ። ቤት ሲመጣ፣ ይሄ ምን ይመስላል ስለው አንዱን ባመድ ላይ ይጭርልኛል። በቃ። ከዚያ በኋላ ማንም አላስተማረኝ። ይህን ወረቀት እንኳ ባሌ ካሶሳ አረብ ነጋዴዎች ሲያመጣው ለኔ ብሎ አልነበረም።

ጥቅምት 20፣ እሁድ። ከቅዳሴ በኋላ።

ሸንጎ። አባቶች ደጀ ሰላሙ ውስጥ፣ እኛ ውጭ። አባ ነጋ ተነሳ። "ደስታ አለ። አባት ሞተ። እሱ ጎበዝ ነው፣ ሳር ተሸከመ፣ አያችሁት። ይግባ። እኔ ዋስ።"

አይተዋታል። ላባቷ ሀዘን ጸጉሯን ተላጭታ፣ የሱኑ ቁራጭ ኩታ ተጠቅልላ፣ የጣራውን ሳር ስትሸከም አይተዋታል። ከመጣን ግን አራት ወራችን ነው፤ ሴት ትሁን ወንድ የጠየቀ የለም። አባት የሌለውን ማስተማር ጽድቅ ነው አለ ጭ/ሹም። ደስታ ይግባ፣ ማንም ላያስወጣው ብለው በሚካኤል ማሉ። የኔታም አሜን አሉ።

ይግባ። ላያስወጣው። ሰማሁ። ያባ ነጋ አማርኛ የሰራውን ስራ ያን ጊዜ አየሁት። ላርም አፌን ከፈትሁ። አፍ የላትም ተብያለሁና መልሼ ዘጋሁት።

ጥቅምት 21፣ ሰኞ።

ገባች። የኔታ አይናቸው ደካማ ነው። ተቀመጥ አሏት፣ ተቀመጠች።

ጥቅምት 25፣ አርብ።

ዛሬ ደስታ ሶስት ሀ አለ አለችኝ። ውሸትሽን ነው አልኋት። መሬቱን በመዳፏ ደልድላ በጣቷ ጻፈችው። ሀሌታው፣ ሀመሩ፣ ብዙሀኑ። ገልብጬዋለሁ፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰ ደግሞ ሁለት ነው። እሳቱ ሰ፣ ንጉሱ ሠ።

ሰላሳ አልፎኛል። ካጥር ውጭ ሶስቱም አንድ ናቸው፣ ጆሮ አይለያቸውም። ወንድሜም ሀ ምን ይመስላል ስለው አንዱን አሳየኝ፤ የቱን ብሎ አልጠየቀኝም። እስከዛሬ ንጉስን በእሳት ስጽፍ ኖሬአለሁ።

ወጥቼ እንጨት ፈለጥሁ። ብዙ ፈለጥሁ። ከዚያ ሳቄ መጣ።

ጥቅምት 30፣ ረቡእ።

ታወቀ። የኔታ፣ ሳይሳሳት የቆጠረው ማነው ብለው ይጠይቃሉ። ልጆቹ ባንድ አፍ "ደስታ ናት!" ናት። ባንዲት "ናት" አለቀ።

የኔታ ፊደሉን ጠቀለሉ። ወይ እሷ ወይ እኔ፤ የጎጃምን መንገድ አልረሳሁትም አሉ። ሴት አስተምሬ አላውቅም፣ ያስተማሩኝም አላስተማሩም አሉ። ደስታ ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ተራሽ መቼ ነው ብቻ አለችኝ። ምነው ስላት፣ ጨው ጨምሪ አለች።

ህዳር 4፣ እሁድ።

ሸንጎው እንደ ገበያ ጮኸ። የኔታ ከሄዱ ለሁሉም ልጅ ቀረ። ይሄ እውነት ነው፣ እኔም አልክድም። ጭ/ሹም ባባ ነጋ ላይ ተነሳበት።

"አንተ ሰውዬ አታለልኸን!"

"እኔ ለደስታ ዋስ ገባ። ደስታ እዚያው ነው። ሌላ ልጅ መጣ?"

"ሴት ናት እኮ!"

"እሱ ሴት ነው፣ አዎ። እኔ መቼ አይደለም አለ?"

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። እኔ አልሳቅሁም። የሚሆነውን እያየሁ ነበር።

ቄሱ፣ መሀላው በስሟ ነው፣ በሚካኤል የተማለ አይፈርስም አሉ። የኔታም አልለቅም አሉ። መጨረሻ ላይ አባቶች አስታረቋቸው። ደስታ አትባረርም። ካጥር ውጭ ተቀምጣ ትሰማለች። የኔታ እሺ አሉ፤ ካጥር ውጭ ያለው የኔ አይደለም አሉ። ሁሉም ደስ አላቸው። ተመራረቁ።

አባ ነጋ ወጣና አየኝ። "አንተ፣ ተከፋህ?" አልተከፋሁም አልሁት።

ካጥር ውጭ። እኔን እዚያ ያውቁኝ ይመስል።

ህዳር 9፣ አርብ።

አጥሩ ደርሷል፣ ከኔ ድርሻ በቀር። ስድስት ክንድ ክፍት፤ እጣው የወደቀልኝ ልክ ከየኔታ መደብ ፊት ለፊት ነው። ቀርከሀው ደጄ ተከምሮ ሰነበተ። እጄ አልሄድ አለኝ።

ደስታ ሰሞኑን ክፍቱ ላይ ትቀመጣለች። ፊደሉ ወለል ብሎ ይታያታል። ዛሬ የኔታ፣ ካጥር ውጭ ተብሏል ብለው ተቆጧት። "የትኛው አጥር፣ የኔታ?" አለቻቸው። አፏ የኔ ነው። መከራዋን ታያለች።

ከሰአት አባ ነጋ መጣ። አጥር ልንተክል ነው ብሎ መጥረቢያ ይዟል። አይደለም አልሁት፣ ሰንጥቀው። ሰንጥቆ፣ በልጥ አስሮ፣ አግዳሚ ወንበር ሰራበት። "እሱ ከፍ ይላል፣ ደህና ያያል" አለኝ።

ኅዳር 11፣ እሁድ።

ኅዳር በብዙሀኑ ኀ ነው አለችኝ ደስታ፣ በትከሻዬ አጮልቃ። የላይኞቹን አላርማቸውም። ካጥር ውጭ የተማረ ሰው እንዴት እንደሚጽፍ ይታይ።

ጭ/ሹም ራሱ መጣ። ነገ ሚካኤል ነው፣ አገር ይሰበሰባል፣ አጥሩ እንደ ወላቃ ጥርስ ሆነ አለኝ። ተቀመጠ። ቀርከሀው የታለ አለ።

ተቀምጠውበታል ጌታዬ አልሁት።

ዘሎ ተነሳ። አየው። ሸንጎው እጠሪ ብሎሻል አለ። በሸንጎው እኔ የለሁም አልሁት፤ እርስዎ ነዎት የነገሩኝ፣ የሌለ ሰው አይታዘዝም። ሰው ልኬ አሳጥረዋለሁ አለ። የሰው ድርሻ አይነካም ብላችሁ ማላችኋል፣ እኔ ከውጭ ሆኜ ሰምቻለሁ አልሁት። ጆሮ እንኳ አለኝ።

አንቺ ሴት አለ። ሄደ።

የኔታ ይሄዱ ይሆናል። አስቤዋለሁ። ከሄዱ የሰው ልጅ ሁሉ በኔ ምክንያት ቀረ ይባላል፣ ስሜ አመድ ይሆናል። ግን እስካሁን አልሄዱም። ትናንት ክፍቱ ላይ የተቀመጠችው ደስታ ሰ ስትል፣ የትኛው ብለው ሲጠይቋት ሰምቻለሁ። ንጉሱ አለች። በርቺ አላሏትም። ወደሚቀጥለው አለፉ።

ነገ ተራዬ ነው። ገንፎውን በደንብ ጨው አደርግበታለሁ። አግዳሚውን ተሸክሜ ሄጄ ስድስቱ ክንድ ላይ አኖረዋለሁ፣ ደስታን አስቀምጥበታለሁ።

አላጥርም።