ማንን ነው የሚያዩት?

ሰኔ 22፣ እሑድ

ዝናብ። ወንበሮቹ ከግቢው ወደ ሆቴሉ አዳራሽ ገቡ፤ ሰውም ተከትሏቸው ገባ። ቡታጅራ የእሑድ ከሰዓት ሙዚቃዋን ለዝናብ ብላ አትሰርዝም።

እንደ ሁልጊዜው ከሳኒ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ። በመድረኩ ግራ ጥግ፣ መስኮት ያለው እዚያ ብቻ ነው። እሱ ከበሮውን ይመታል፣ እኔ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ እሥላለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በርበሬ ወፍጮ ቤት ስለሚሠራ ከበሮው በተመታ ቁጥር ቀይ አቧራ ብን ይላል። የመጀመሪያው ረድፍ ያነጥሳል። እንግዳ ሰው ብርድ ነው ብሎ ያስባል።

ዛሬ ሰባት ገጽ። ሰባቱም ጥሩ። (ትሕትና ለሕዝብ ነው፤ ይሄ ደብተር የግሌ ነው።) የዱባለ ጣቶች ክራሩ ላይ... ፍቅርአዲስ ልትዘፍን አፏን ስትከፍት... ሃኒ ስትጨፍር፣ አንድ እግሯ መሬት ሳይነካ። ከሁሉም በላይ ግን ፊታቸው። ሁልጊዜ ወደ እኔ ነው። ሌላ ሰው ሠዓሊ ሲያይ ይደነግጣል፤ እነዚህ ዓይናቸውን ይሰጡኛል። አሥራ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ከተማሪ ያላገኘሁት ነገር።

ሲያልቅ ፍቅርአዲስ ደብተሩን ነጠቀችኝ።

"ይሄ አፍንጫ የማን ነው?"

"ያንቺ።"

"የኔ እዚህ ድረስ አይመጣም። ይሄማ ከነዘመዱ ነው!"

ሳኒ ከበሮውን እየጠረገ፦ "ተይው ፍቅርዬ፣ መምህር የለመደው የእንቁራሪት አፍንጫ ነው።"

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ዱባለ ቤቴ መጣ። የቡድኑ አለቃ እሱ ነው። ጫማውን በር ላይ አራት ጊዜ የሚጠርግ ሰው የሚከብድ ነገር ይዟል።

"ምንቴ፣ ወልቂጤ ጠርተውናል። ለመስቀል ሰሞን ዝግጅት።"

ደስ አለኝ። ከልቤ።

"ከመድረኩ ኋላ የሚሰቀል ሥዕል እንፈልጋለን። ትልቅ፤ ሦስት ሜትር በሁለት። የምትሥለው አንተ ነህ። አራታችንን።"

ቆጠርኩ። ዱባለ፣ ፍቅርአዲስ፣ ሃኒ፣ ሳኒ። "አራት። ልክ ነው።"

"ሳኒ አይደለም... ይድነቃቸው ነው።"

ይድነቃቸው ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ከነኪቦርዱ የመጣው ሰውዬ ነው። ኪቦርዱ ውስጥ ከበሮ አለ። ክራርም ሳይኖር አይቀርም፤ ይህንን ለዱባለ አልነገርኩትም።

"ሳኒ ያውቃል?"

"ገና። በወጉ እነግረዋለሁ። አንተ ግን እንዳልሰማህ ሁን።"

"እሺ" አልኩ።

አሥራ ሰባት ዓመት ከበሮ የመታ ሰው። እሑድ ከሰዓትን ከሳኒ ላይ ብታነሳ ምን ይቀራል? ሰኞ። ከዚያ ሌላ ሰኞ። እና እኔ "እሺ" አልኩ። ለካ ዋጋዬ ስድስት ካሬ ሜትር ሸራ ነው...

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ሳኒ ለወልቂጤ ብሎ ከበሮውን አዲስ ቆዳ አልብሶታል። ባለቤቱ ዘይባ ልብስ እያሰፋችለት ነው። "ንካው እስቲ መምህር። እንዴት ነው?" ነካሁት። ጥሩ ነው አልኩት።

ሁለት ገጽ ብቻ። ሁለቱም የማይረቡ።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ለትልቁ ሥዕል የሚሆን አቋም ልፈልግ ብዬ የሁለት ዓመት ደብተሮቼን አወጣሁ። አራት ናቸው። ፍቅርአዲስ አርባ ምናምን ጊዜ። ዱባለ ከዚያ ትንሽ ያንሳል። ሃኒ ስፍር ቁጥር የላትም።

ሳኒ... የለም።

እንደገና ገለበጥኩ። አንድ ክርን አገኘሁ፤ ገጹ ጠርዝ ላይ፣ ግማሽ። ሌላ ቦታ ጉልበት ነገር፤ ምናልባት የወንበር እግር ነው። ከጎኑ ተቀምጬ፣ ትከሻዬ ትከሻውን እየነካ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳን ዞር ብዬ አልሣልኩትም። ዱባለ ገና ሊያስወጣው ነው። እኔ ቀድሜዋለሁ።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ዱባለ ትናንት ቡድኑ ሁሉ ባለበት ነገረው። ዛሬ ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ። ሳኒ አፉንና አፍንጫውን በሻሽ አስሮ በርበሬ ይፈጫል። ወፍጮውን አላጠፋልኝም፤ እየጮህን ነው ያወራነው።

"ሰማህ?" አለኝ።

"ሰማሁ።"

"ዛሬ ነው የሰማኸው?"

መዋሸት ይቻል ነበር። ወፍጮው እየጮኸ ውሸት ይቀላል። "ከሐምሌ አንድ ጀምሮ አውቃለሁ።"

ቁናውን አነሳ፣ ገለበጠ።

"ያን ዕለት ቆዳውን ስትነካ ታውቅ ነበር።"

"አዎ።"

"ጥሩ ነው አልከኝ።"

"ቆዳው ጥሩ ነው።"

"ወላሂ አንተ ሰው..." ሊስቅ ነበር መሰለኝ። አልሳቀም። "ዞር በል መምህር። ዓይንህን ያቃጥልሃል፣ ኋላ አለቀስኩልህ ትለኛለህ።"

ወጣሁ። ዓይኔ እስከ ቤት ድረስ አቃጠለኝ። በርበሬው ነው።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

የመጀመሪያው እሑድ ያለ ሳኒ። ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ይድነቃቸው ኪቦርዱን ይዞ በወዲያኛው ጥግ ቆሟል።

ማሽኑ አልተሳሳተም። አንድም ጊዜ። የተሳሳቱት ሰዎቹ ናቸው። ፍቅርአዲስ ሁለት ጊዜ ቀድማ ገባች። ምቱ ሊፈጥን ሲል ሃኒ አላወቀችም፤ እግሯ አየር ላይ እያለ ጥሏት ሄደ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ አዲስ ጭፈራ መስሎት።

እኔም አልሣልኩም። ምክንያቱም ማንም አላየኝም! ዛሬ ምን ነካቸው ብዬ አኮረፍኩ እንኳን። ከዚያ ፍቅርአዲስን ልብ ብዬ ተከታተልኳት። መግቢያዋ ሊደርስ ሲል ዓይኗ ወደ እኛ ጥግ ይመጣል። መጥቶ ይፈልጋል። ያጣል። ይመለሳል። የሚመጣው ወደ እኔ አይደለም። ከጆሮዬ አንድ ስንዝር አለፍ ብሎ፣ ከባዶው ወንበር በላይ...

ሁለት ዓመት።

ዓይናቸው ወደ ሳኒ ሲሄድ መንገድ ላይ ተቀምጬ ተቀባይ መስዬ ኖሬያለሁ። አዳራሹ መሀል ብቻዬን ሳቅኩ። ሰው ዞሮ አየኝ። በመጨረሻ።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ከደብተሮቹ ስልሳ ሁለት ገጽ ገንጥዬ ዱባለ ቤት ወሰድኩ። ፍቅርአዲስና ይድነቃቸውም ነበሩ። ወለሉ ላይ ደረደርኩት፤ መርገጫ እስኪጠፋ።

"ይሄ ሁሉ ምንድነው?" አለ ዱባለ።

"አንተ ነህ። እዚህ ማንን ነው የምታየው?"

"አንተን።"

"እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።"

ገባው መሰለኝ፣ ግን አልወደደውም። "ምንቴ፣ ድራማ አትሥራብኝ።"

ፍቅርአዲስ ተንበርክካ አንዱን አነሳች። "ቅንድቡን ነዋ!"

"የምን ቅንድብ?"

"የሳኒን! ምቱን ሊቀይር ሲል ግራ ቅንድቡን ያነሳል። እሱን አይቼ ነው የምገባው። አንተ በምንህ ነበር የምትገባው?"

ዱባለ ስልሳ ሁለቱን አንድ በአንድ አየ። ዘለግ ያለ ጊዜ ወሰደበት። "እኔ እንኳን ቅንድቡን አይደለም" አለ ቀስ ብሎ። "ትከሻውን ነው።"

ያን ጊዜ ይድነቃቸው ተናገረ። ይህንን ሰው ለመጥላት ሦስት ሳምንት ተዘጋጅቻለሁ፤ እንዲህ ብሎ ሁሉንም አበላሸብኝ፦

"ጋሼ ዱባለ፣ ትናንት እኔም የምይዘው ነገር አጥቼ ነበር። ማሽኑ ቅንድብ የለውም። ከበሮውን ላጥፋውና ዜማ ብቻ ልጫወት። እሳቸው ይመለሱ።"

"ማን ይሂድ ታዲያ?" አለ ዱባለ። ሁላችንም እሱን አየነው።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ዱባለ ብቻውን መሄድ አልደፈረም፤ እኔን ሽማግሌ አድርጎ ይዞኝ ሄደ። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ። ሽበቴ ሁለት ናት። ሁለቱንም ወደ ፊት አበጠርኳቸው።

ዘይባ በር ላይ ተቀበለችን። "ግቡ፣ ግቡ... እናንተ ናችሁ የመጣችሁት ወይስ ማሽኑ ነው የላካችሁ?"

ዱባለ የመጣበትን ረሳ። ሳኒ ጥግ ተቀምጧል፤ አልተነሳም። አዲስ ቆዳ የለበሰው ከበሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ፊቱን አዙሮ።

"አጠፋሁ" አለ ዱባለ።

"እዚህ ነው የምትለው?" አለ ሳኒ። "ያስወጣኸኝ ከሁሉም ፊት ነው። እሑድ ቡድኑ ባለበት በላት።"

"እላለሁ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ደግሞ ከእንግዲህ ጎኔ አትቀመጥም።"

"የት ልቀመጥ?"

"ፊት ለፊት። ጎኔ ተቀምጠህ ደበቅከኝ። ፊት ለፊት ሆነህ ደግሞ ሞክረው።"

ሽማግሌ የሄድኩት ለማስታረቅ ነበር። ተፈርዶብኝ ተመለስኩ። ፍርዱ ትክክል ነው።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ዱባለ ከመጀመራቸው በፊት በሁሉም ፊት አለው። አራት ቃል፣ መሬት መሬት እያየ። ሳኒ ራሱን ነቀነቀ፣ ወንበሩን ሳብ አደረገ፣ መታ።

እኔ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነኝ። ስድስት ጊዜ አነጠስኩ።

ሳኒን ሣልኩ። መጀመሪያ ስሞክር የመታወቂያ ፎቶ ሆነ። ሁለተኛው የሞተ ሰው። ዘጠነኛው ላይ ብቻ ቅንድቡ እንደ ቅንድብ መምሰል ጀመረ። እንዴት ያለ ፊት ነው! ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ያቺ አንዲት ቅንድብ ብቻ ታዛለች።

አላናገረኝም። ሰላምታ ብቻ።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ፍልሰታ ገባ። እሑዶቹ ጸጥ አሉ። ሸራው ደርሷል፤ ከቤቴ ግድግዳ ይበልጣል። አልጋዬን አስወጣሁ።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ዱባለ ሊያይ መጣ። አምስት ሰው። ሳኒ ግራ ጥግ፣ እንደሚቀመጠው። ሌሎቹ አራቱ ወደ እሱ ዞረዋል።

"ሕዝቡን አናይም እንዴ?"

"መቼ አይታችሁት ታውቃላችሁ?"

አሰበ። "እውነት ነው" ብሎ ሄደ።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ሳኒ መጣ! ሳይጠራ። ከነወፍጮ ልብሱ በር ላይ ቆሞ ረጅም ጊዜ አየ። አላመሰገነም፣ አልነቀፈም።

"ጆሮዬን አተለቅከው።"

"ልኩ ነው።"

"ዘይባም እንደዚያ ትላለች" አለና ሄደ። ሸራው ግርጌ ላይ ትንሽ ቀይ ብናኝ ቀርቷል። አልጠረግኩትም፤ ከቀለሜ ይሻላል።

መስከረም 11፣ እሑድ፣ ወልቂጤ

ጠዋት ስንነሳ ዘቢዳር ተራራ ላይ ጉም ነበር፤ ሚኒባሱ ይሳባል እንጂ አይሄድም። እኔ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ የተጠቀለለ ሸራ ታቅፌ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ጣሪያውን በጭንቅላቴ እየመታሁ። ሳኒ ከሾፌሩ ኋላ። ዳገቱን ስንጨርስ ዞረ።

"መምህር፣ ወደዚህ ና። እዚያ ያንገላታሃል።"

"ፊት ለፊት ነው ያልከኝ።"

"መኪና ውስጥ ጎን ይቻላል።"

ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እስከ ጉብሬ ስለ በርበሬ ዋጋ አወራኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ስለ በርበሬ ሰምቼ አላውቅም።

ሜዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ከአዲስ አበባ ለበዓል የገባው ሁሉ እዚያ ነው። ሸራው ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብሎ ተሰቀለ፤ ሰቃዩ "ከሩቅ አይታወቅም" አለኝ። ከሩቅም ይታወቃል። ግድ የለም። ከሥሩ አምስቱም ወጡ። ይድነቃቸው ኪቦርዱን ከሳኒ ትይዩ አድርጎ ተከለ፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም።

እኔ ሕዝቡ መሀል፣ ፊት ለፊት ቆሜ እሥላለሁ። ከኋላዬ አንዲት እናት "ልጄ፣ ወይ ጨፍር ወይ ዞር በል" አሉኝ። ሁለቱንም አላደረግኩም።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ የፍቅርአዲስን አንገት እየጨረስኩ ነበር። የሳኒ ግራ ቅንድብ ከፍ አለ። እጄ ገጹን ገለበጠ።

ምቱ የተቀየረው ከዚያ በኋላ ነው።