በነፋስ ቀን መሳቢያ ውስጥ ስለሚቀመጠው ቀይ ባንዲራ

ለተከበሩ የእሳት አደጋ መከላከያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በፍጹም ጤንነት፣ አቧራ በማይደርስበት ክፍል ውስጥ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን በከባድ ጸጸት አንድ ወንጀል እናዘዛለሁ፤ በእንግዳ መቀበያችሁ ጠረጴዛ ላይ በሲባጎ ታስሮ የነበረውን እስክሪብቶ፣ ሲባጎውን በጥሼ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ሲሆን ሥራዬ ተማሪነትና፣ አክስቶቼ እንደሚሉት፣ ትልልቅ ሰዎችን ማብሸቅ ነው። ቤት ውስጥ "መርፌ" የሚሉኝም ለዚሁ ነው።

ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቀዩ ባንዲራ አመሰግናለሁ። በዚህ ዝናብ በረሳው በረሃ የፀደይ ነፋስ ሲነሳ ደረቁ ሣር በአንዲት ፍንጣሪ ስለሚያያዝ፣ ግቢዎ ውስጥ ባንዲራው በተሰቀለ ቀን ማንም እሳት እንዳያነድ፣ ማንም ብረት እንዳይበይድ ደንግገዋል። አባቴ በያጅ ነው። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ባንዲራው ሲሰቀል ማሽኑን ነቅሎ ቁጭ ይላል፤ ደንበኛ ቢለምነው፣ ቢቆጣው፣ መልሱ "ቀዩ ወጥቷል ወንድሜ፣ ነገ ና" ነው። እናቴማ "ይሄ ሰውዬ ያገባው እኔን ነው ወይስ ባንዲራውን?" ትል ነበር።

ሁለተኛ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ስለዋለው ማክሰኞ አመሰግናለሁ። ጠዋት ነፋሱ ገና ለዘብ ያለ ነበር። እንደሚበረታ የሚናገረው ትንበያ ግን ከዋዜማው ደርሶዎታል፤ ግድግዳችሁ ላይ ተለጥፎ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የባንዲራው ምሰሶ ግን ባዶ ነበር። አባቴ ከሱቁ ጣሪያ በላይ የረዘመ የግቢ በር ይበይድ ስለነበር ደጅ አውጥቶ ሠራ። እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ በአንድ ጊዜ ተነስቶ ፍንጣሪውን አጥር አሻገረው፤ እሳቱም በደረቁ ወንዝ ሽቅብ ሮጦ የአባቴ ታላቅ ወንድም ቤት ደረሰ። አጎቴ አንድ እግሩን ይጎትታል። እኔ አካሄዱን እየቀዳሁ ከኋላው ስከተለው ዞር ብሎ "አንቺ ጉድ፣ ከኔ በላይ ቻልሽበት እኮ!" እያለ ነጠላ ጫማውን ይወረውርብኝ ነበር፤ ስቶኝም አያውቅ። የዚያን ቀን የፍየሎቹን በረት ሊከፍት ተመለሰ። ሰባቱም ፍየሎች ወጡ። እሱ አልወጣም።

ሦስተኛ፣ ለቅሶ ቤታችን ድረስ ስለመምጣትዎ አመሰግናለሁ። ከፊት ተቀምጠው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ አባቴን "ምሰሶውን አይተሃል ወይ?" ብለው ጠየቁት። አልመለሰልዎትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ለማንም አልመለሰም። እርስዎም ዝምታውን በእጅጉ ተጠቅመው "በበያጁ ቸልተኝነት" የሚል ሪፖርት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አወጡ።

አራተኛ፣ ጸሐፊዎን ያመስግኑልኝ። የሪፖርቱን ቅጂ ልጠይቅ መጥቼ ማኅተም ልታወጣ መሳቢያ ስትከፍት፣ ቀዩ ባንዲራ ተተኩሶ፣ ታጥፎ፣ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ አየሁት። "ለምን እዚህ ሆነ?" ብላት "ነፋስ ይቀደዋላ፣ ልጄ! አምና ሁለት ተቀዶብን ተገምግመናል። አሁን ነፋስ በሌለበት ቀንና እንግዳ ሲመጣ ነው የምንሰቅለው" አለችኝ፣ በቅንነት። እኔም ከዚህ ተምሬ ጃንጥላዬን ዝናብ እንዳይነካብኝ ወስኛለሁ።

አምስተኛው ምስጋና ሳይሆን ልመና ነው። አባቴ ሱቁን ቆልፎ፣ የብየዳ መከላከያውን ጭንብል ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይውላል። ፍየሎቹ ግቢያችን ናቸው፤ ሲጮሁ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ወንድሙን የገደለው እሱ እንደሆነ አምኗል፤ ያሳመነውም የእርስዎ ወረቀት ነው። ስለዚህ እዚያው ሰሌዳ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጻፉልን፦ "በዚያን ቀን ባንዲራው አልተሰቀለም ነበር።" ቃላቱን ቆጥሬያቸዋለሁ፤ አምስት ናቸው፤ አይደክሙም።

የወንበርዎን ምቾትና የማኅተምዎን ክብደት ዘወትር በአድናቆት እያሰብኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የበያጁ ልጅ፣ የሟቹ የወንድም ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ጥንቃቄዎ ፍሬ አፍርቷል። ባንዲራው አንድ ክር እንኳ አልጎደለበትም። አጎቴን ግን የለየነው በ

ተይዣለሁ። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ሲያነብ ኖሯል። "መርፌ" አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንንም በስም ጠርቶ አያውቅም። ሊቀድብኝ ነው ብዬ ወረቀቱን በሁለት እጄ ጨመቅሁት።

"ምሰሶውን አይቼ ነበር" አለ። "ሁለቴ ወጥቼ አይቻለሁ። ጻፊው።"