በክብሪት ቀፎ የቀሩት ክኒኖች

እማዬ፣

ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ይህን የምጽፍልሽ ቦንጋ መጥቼ፣ ላስቲኩ በተቀደደው ጠረጴዛሽ ላይ ተቀምጬ ነው። ለሞተ ሰው ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ብለሽ እንዳትስቂብኝ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሽ ሴት ነሽ፤ ቢሮ የገባ ወረቀት ሁሉ፣ የሚመለከተው ሰው ቢኖርም ባይኖርም፣ ቁጥር ሳይሰጠው ማደር የለበትም ትይ ነበር። ይኼኛውንም ቁጥር ስጪውና አስቀምጪልኝ።

ቤቱ ደህና ነው። የጓሮው አቮካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ፣ የሚበላው ሰው ስለጠፋ ለጎረቤት አደልኩት። በራችን ላይ ባጃጅ ሲጮኽ ይውላል። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ከየክልሉ የመጣው መምህር ሁሉ የሚከራይ ክፍል አለ ወይ እያለ ያንኳኳል፤ ያንቺን ክፍል ግን ለማንም አልሰጠሁም። ቢሮሽ ሄጄም ነበር። መስኮትሽ ላይ የተቀመጠችው ሴት ኮምፒውተር ተሰጥቷታል፤ ፋይል ስትፈልግ ግን የምትገልጠው አንቺ በእጅሽ የጻፍሽውን ማውጫ ነው። ደስ ብሎኝ ልነግርሽ ስልኬን አወጣሁ፣ ከዚያ ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።

እሑድ ግን አልቻልኩትም። አዲስ አበባ ሆኜ ሁልጊዜ እሑድ ጠዋት እደውልልሽ አልነበር? አሁንም ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ታጥቤ ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ባለፈው ጊዜ ደወልኩ። ቁጥሩ አገልግሎት ላይ እንደማይውል ሴትየዋ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥላ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፤ እኔም እስክትጨርስ አዳመጥኳት። አባዬ እኔ አፌን ሳልፈታ ስለሞተ፣ በዚህ ዓለም እሑድ ጠዋት ድምፄን የሚጠብቅ ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ብቻዬን ቀረሁ፣ እማዬ። ሌላ የማሳምርበት ቃል የለኝም።

የክብሪቷን ነገር ታስታውሻለሽ? ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ጀምሮ በዩኒፎርሜ ኪስ ክብሪት ይዤ ነበር የምዞረው። የሚጥል በሽታሽ ተነሥቶ ስትወድቂ ሰዉ ሁሉ አረፋው እንዳይነካው ወደ ኋላ ይሸሽና ከሩቅ ሆኖ «ክብሪት! ክብሪት ጫሩላት!» ይላል። እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ አንዷን ጭሬ አጠፋና ጭሱን ወደ አፍንጫሽ አስጠጋልሽ ነበር። ሦስተኛዋ ወይ አራተኛዋ ላይ ትረጋጊያለሽ፤ እኔም ያዳንኩሽ እኔ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስማር ነው መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ እንደሚያቆም፣ ጭሱም አንዳች እንደማይፈይድ ያወቅሁት። መጥቼ ስነግርሽ ሳቅሽብኝና «ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ማን አነሣኝ?» አልሽ። ከሳቁ በኋላ ግን ሆስፒታል ሄደሽ ካርድ አወጣሽ። ማታ ማታ የምትዋጥ ነጭ ክኒን ሰጡሽ። አንቺም ክብሪቱን ምድጃው አጠገብ ደፍተሽ፣ ባዶውን ቀፎ የክኒን ማስቀመጫ አደረግሽው።

ስድስት ዓመት አልወደቅሽም። ስድስት ዓመት! ይኼን ቁጥር ያዥልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ገና በዓሉ ልምጣ። እስካሁን እየዞርኩ የመጣሁት ይኼን ላለመጻፍ ነው። ፈቃድ ወጥቼ መጥቻለሁ፤ ጥናቴ ሰምሮልኝ አፌ አላርፍ ብሏል። በላብራቶሪ የምሠራው በአይጥ ነው ስልሽ፣ አይጥ ለመግደል ከሆነማ አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬደሽ፣ የእኛ መዝገብ ቤት ፋይል የሚበሉ ሞልተውልሽ የለ ብለሽ አሾፍሽብኝ። እኔም ማስረዳቴን ቀጠልኩ። በአይጧ ደም ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ስንጨምር ሰውነቷ በሙሉ ይቀለማል፣ አንጎሏ ግን ነጭ እንደሆነ ይቀራል፤ በደምና በአንጎል መካከል አጥር አለና። በሽታው ደጋግሞ ከጣላት በኋላ ግን አጥሩ እዚህም እዚያም ይሳሳና ቀለሙ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ፊትሽን አየሁት፤ ለአይጧ አዝነሽ ነበር። ስለዚህ በምታውቂው ነገር ላስረዳሽ ብዬ አንጎል እንደናንተ መዝገብ ቤት ነው አልኩሽ። ደም ባለጉዳይ ነው፤ እስከ መስኮቱ ይመጣል እንጂ ወደ መደርደሪያው አይዘልቅም። የሚያስፈልገውን ተቀብሎ የሚያስገባ፣ የማያስፈልገውን የሚመልስ ሠራተኛ መስኮቱ ላይ አለ። «እኔ ነኛ!» ብለሽ እንዴት ደስ እንዳለሽ!

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አላቆምኩም። በአንዳንድ በሽተኞች ላይ ሠራተኛው ልክ ያጣ ጥብቅ ይሆንና መድኃኒቱንም ከመስኮት ይመልሰዋል፣ የእኔ ጥናት ስለ እነሱ ነው አልኩሽ። አንቺም የተመለሰው መድኃኒት መጨረሻው ምን እንደሆነ ጠየቅሽኝ። እኔ ስልኬ ላይ መልእክት እያነበብኩ ነበር። ቀና ሳልል «ይባክናል» አልኩሽ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ አወራን። ስለ ምን እንደሆነ እንኳ ትዝ አይለኝም።

በመጋቢት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቢሮ ለመሄድ ጫማሽን እያደረግሽ ሳለ ወደቅሽ። አንዱ መንቀጥቀጥ ሳያበቃ ሌላው ተተካ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ እንደለመደው ክብሪት ሲጭር ጊዜው ሄደ፤ ሆስፒታል ሲያደርሱሽም አልሆነም። እኔ ከአዲስ አበባ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። ከበሩ ሥር የተቃጠሉ የክብሪት እንጨቶች ወድቀው አየሁ፤ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው እየረገጣቸው ይገባል። ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ሰዎቹ አበደች ብለው ሳያስቡ አልቀሩም።

አሁን የምነግርሽ ያሳፍረኛል። በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆኜ፣ እናቴ መድኃኒቱ ከመስኮት ከሚመለስባቸው ሰዎች አንዷ ነበረች ብዬ ደመደምኩ። ማንንም አልጠየቅሁም። እስከ አርባሽ ድረስ ለሚያጽናናኝ ሁሉ እንደዚያ እያልኩ አስረዳሁ፤ ባንቺ ሞት የራሴን ጥናት እያረጋገጥኩ ነበር ማለት ነው።

በአርባሽ ማግስት ምሕረት መጣች። የኋላውን ክፍል የተከራየችሽ፣ ልብስ ሰፊዋ ምሕረት። እጇን ከነጠላዋ ውስጥ ስታወጣ የክብሪት ቀፎሽን ይዛለች። ለካ እሷም ትወድቅ ኖሯል። ሠርጓ ስለደረሰ፣ ቦንጋም ሁሉም ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ስለሆነች፣ ሆስፒታል ወረፋ ላይ መታየት ፈርታለች። አንቺ ታውቂ ነበር። እኔ ከገና በዓል በተመለስኩ በሳምንቱ፣ ማታ ማታ ቀፎውን ይዘሽ ወደ ክፍሏ መሻገር ጀመርሽ። «እትዬ አበበች እንዲህ አሉኝ» አለችኝ እያለቀሰች፤ «ለእኔ መመለስ ጀምሯል፣ እዚያ ሄዶ ከሚባክን አንቺ ዋጪው፤ ላንቺ መስኮቱ ገና ክፍት ነው። ልጄ ያጠናችው ነገር ነው።»

መመለስ ጀምሯል ያልሽው ለምን እንደሆነም ነገረችኝ። በታኅሣሥ ለለቅሶ ደካ የምትባል ከተማ ሄደሽ፣ ክኒኑን እቤት ረስተሽ፣ ያለወቅቱ የመጣ ዝናብ መንገዱን ዘግቶብሽ ዘጠኝ ቀን ሳትውጪ ቆየሽ። በተመለስሽ ማግስት ወደቅሽ። ከስድስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር፤ እንዳልጨነቅብሽ ደበቅሽኝ። የእኔን ወሬ ስትሰሚ ያን ቀን አስታወስሽ። በእናንተ ቢሮ ተመላሽ የሆነ ደብዳቤ ደግሞ አይላክም፤ ፋይሉ ይዘጋል፣ ፖስታው ለሌላ ሥራ ይውላል። አንቺም የራስሽን ፋይል እንደ ደንቡ ዘጋሽው። እንደ ሁልጊዜው ንጹሕ አድርገሽ።

ምሕረትን ልቆጣት ነበር። እሷ ምን አደረገች? የተሰጣትን ዋጠች። በማግስቱ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ተከናንባ አብረን ሆስፒታል ሄድን። ወረፋው ረጅም ነበር፤ አንድ የምታውቃት ሴት አይታን ሰላም ስትላት፣ እኔ ነኝ የምታከመው፣ እሷ ልታስታምመኝ ነው የመጣችው አልኩ። በስሟ ካርድ ወጣላት። አሁን የራሷን መድኃኒት ትውጣለች። ለእጮኛዋም ነገረችው፤ ሦስት ቀን ጠፍቶ በአራተኛው ተመለሰ። በጥቅምት ተጋቡ፣ እኔም ባንቺ ቦታ ከእናቶቹ ጋር ተቀመጥኩ።

ጥናቴን አልተውኩም። መጀመሪያ ላብራቶሪውን ማየት አስጠልቶኝ ነበር፤ ቆይቶ ተመለስኩ። አንድ ነገር ግን ለውጫለሁ። ስለ አጥሩ ለማንም ሳስረዳ፣ ለተማሪም ይሁን ለታካሚ፣ የምጀምረው ላንቺ ሳልነግርሽ ከቀረሁት ነው፤ ክኒኑን ዕለት ዕለት የሚውጥ አብዛኛው ሰው እንደሚረዳው፣ ሳይጠይቅ ማቆም ግን ሊገድል እንደሚችል። ከዚያ ስልኬን አጥፍቼ የሚጠይቁኝን እጠብቃለሁ።

ቀፎው አሁን ከፊቴ ነው። ምሕረት ሳትውጣቸው የቀሩ ሰባት ክኒኖች አሉበት። አልጥላቸውም። ወደ አዲስ አበባ ስመለስ በላብራቶሪው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ሥራ እስካለኝ ድረስ እዚያው ይሆናሉ፣ አንቺም ከእነሱ ጋር። አንድም እሑድ ሳላስብሽ አያልፍም። ደግሞም በየእሑዱ፣ ባይሰማሽም፣ ያን ቀን ቀና ብዬ ልልሽ የሚገባኝን እልሻለሁ። ስድስት ዓመት ሳትወድቂ ቢሮ ገብተሽ ወጥተሻል። ክኒኑ ለመሥራቱ ሌላ ምስክር አያስፈልግም ነበር።

እማዬ፣ ያንቺ መድኃኒት በመስኮቱ ይገባ ነበር።

ልጅሽ