በመቶ ጁል ስለሞቀው ሁለት ሊትር ውሃ

ለክቡር አቶ ስምዖን
የአዳሪ ሳይንስ ትምህርት ቤቱ የመግቢያ ፈተና ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በዚህ ብርድ ገላዎን በሞቀ ውሃ ታጥበው ዘና ባሉበት ሰዓት እንዲደርስዎ ምኞቴ ነው። እኔ ሙሐመድአሚን እባላለሁ፤ ቡራዩ አስፋልቱ ዳር የውሃ ማሞቂያ እጠግናለሁ። ልጄ ጀዋሂር እርስዎ ዘንድ ለመግባት ተፈትና በአንድ ነጥብ ወድቃለች። ያቺ ነጥብ ተራ ቁጥር አሥራ አራት ላይ ቀርታለች።

ጥያቄው ሁለት ሊትር ውሃ ከሃያ ወደ ሰባ ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ ስንት ጁል ያስፈልጋል ይላል። ልጄ አራት መቶ ሃያ ሺህ አለች። የእናንተ መልስ መቶ ጁል ነው። ጎረቤቴ የፊዚክስ መምህሩ ኦቦ ሞቱማ እንደነገሩኝ፣ ትክክለኛው መልስ በሌላ መለኪያ መቶ ኪሎ ካሎሪ ስለሆነ፣ ጥያቄ አውጪው መቶዋን ወስዶ ኪሎ ካሎሪውን መንገድ ላይ ጥሎታል።

አንደኛ፣ አቤቱታዬን በተቀበሉ ማግስት ሰባት ሰው ሰብስበው፣ ጁልና ካሎሪ ሁለቱም ሙቀት ስለሚለኩ ልዩነት የላቸውም ብለው በአምስት ለሁለት ድምፅ ስለወሰኑልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ኪሎና ኩንታልም ሁለቱም ክብደት ይለካሉ፤ አንድ ኩንታል ጤፍ አዝዘው አንድ ኪሎ ቢመጣልዎ ነጋዴውን በዚሁ ትዕግሥት እንደሚያሰናብቱት አልጠራጠርም።

ሁለተኛ፣ በቃለ ጉባኤው «ለሁለት ሊትር ውሃ ይህን ያህል ቁጥር የተጋነነ ነው» መባሉን አንብቤ በቁጠባ ባህላችሁ ተደንቄያለሁ።

ሦስተኛ፣ ውሳኔዎን አክብሬ ሱቄ ውስጥ ሃያ ዲግሪ የሆነ ሁለት ሊትር ውሃ ቀድቼ ሞክሬዋለሁ። አንድ ሺህ ዋት ማሞቂያ መቶ ጁል ለመስጠት የሰከንድ አንድ አሥረኛ ይበቃዋል። ስለዚህ ሶኬቱን ሰክቼ ወዲያው ነቀልኩና እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ። ከሱሉልታ ማሞቂያ ሊያሠራ የመጣ ደንበኛዬም እጁን ከተተ። ሁለታችንም ለመቃወም ድፍረት ባይኖረንም ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ቴርሞሜትሩ ሰባ ዲግሪ ያሳየው ሶኬቱን መልሼ ከሰካሁት ከሰባት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው፤ ልጄ በወረቀት ያሰላችውም ሰባት ደቂቃ ነበር። ውሃው ፊዚክስ ሳይማር ከእሷ ጋር መስማማቱ ቢያሳዝነኝም፣ እንደ አባት አኩርቶኛል።

አራተኛና የመጨረሻው፣ የመልስ ወረቀቱ አንዴ ማህተም ስላረፈበት ሊታረም እንደማይችል ጸሐፊዎ በትሕትና አስረድታኛለች። እኔ የምጠግነው የተበላሸ ማሞቂያ ብቻ በመሆኑ በዚህ ላይ ልረዳዎ ባለመቻሌ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ እስከዚያ ያቺን አንድ ነጥብ ቢመልሱላት ሌላ የምጠይቅዎ የለኝም።

ጊዜዎን፣ ድካምዎንና የኮሚቴዎን ድምፅ አሰጣጥ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ለትልቅ ወንበርዎ ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣
ሙሐመድአሚን፣ ከቡራዩ

ማስታወሻ፦ ልጄ በሚመጣው ዓመት እንደገና መፈተን እንደምትችል ስለፈቀዱላት እናመሰግናለን። ትናንት፣ ያው ጥያቄ ተመልሶ ቢመጣ ምን ልጻፍ ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ጻፊ አልኳት። «እውነቱንማ ዘንድሮ ጻፍኩት» አለችኝ።