የተቀበልሁት ሂስ

ቡሬ፣ ጥር 18 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለዓለምብርሃን፣

«ውድ» የሚለውን ለመጻፍ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። የሊበን ውኃ ለሆድህ ተስማማ ወይ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ውስጤ ግን እየነደደ ነው።

ትናንት ለአሥረኛ ክፍል ያስተማርሁት ትችትን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላትን ነበር። «ኮሜንት» አስተያየት ነው፤ ደግም ክፉም ሊሆን ይችላል። «ክሪቲሲዝም» ሂስ ነው፤ ሰው እንዲታረም ታስቦ ከተሰጠ ይጠቅማል። «ሪቡክ» አባት ልጁን እንደሚያደርገው ቆጣ ብሎ መገሠጽ ነው። «ስላንደር» ደግሞ ውሸት መሆኑን እያወቁ የሰው ስም ማጥፋት። ይህችን የመጨረሻዋን ሳብራራ ስለጮኽሁ የጎረቤት ክፍል መምህር በር ከፍቶ አየኝ።

የነጋዴው የኑርሁሴን ልጅ ሪሃና እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ግምገማ ላይ የሚባለውስ ከየትኛው ይመደባል?» አለች። ቡሬ ውስጥ አንተ በእኔ ላይ የተናገርኸውን ያልሰማ የለም። «እንደ ተናጋሪው ነው» ብዬ አለፍኋት። ልጅ ፊት መሸሼ አበገነኝ።

ከመምህራኑ ግምገማ በፊት ተማክረን አልነበረም ወይ? ባልና ሚስት ሂስ ካልተሰጣጡ «ተሸፋፈኑ» ስለሚባል፣ አንተ «ሰዓት አታከብርም» ልትለኝ፣ እኔ «ቶሎ ይቆጣል» ልልህ። እኔ ያልሁት ይህንኑ ነው። አንተ ግን ተነሥተህ «ለዘመድ ነጥብ ትጨምራለች» አልህ! የእህትህን ልጅ የእጅጉን ፈተና፣ ሠላሳ አራቱን ሃምሳ አራት ያደረገው ማን ሆነና ነው? ወሬው መውጣቱን ስትሰማ የእምዬን ወደ አብዬ! የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እስቅ ነበር። አንተ ማስጣሉ ቀርቶ ከጅቡ ጋር ተሻምተህ በላኸኝ።

አራት ዓመት የጠበቅሁት የክረምት ዲግሪ ትምህርት ተሰረዘብኝ። አንተ «ደፋር ሂስ ሰጪ» ተብለህ ለሹመት ታጨህና ወደ ሊበን ሄድህ።

ከሁሉ የከፋብኝ የእናትህ ነው። ባለፈው እሑድ እማሆይ እህተ ማርያም ከቅዳሴ ሲመለሱ ገቡና «ልጄ፣ ሰው ነሽና ትሳሳቻለሽ፤ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ» አሉኝ። ምሳ አቀረብሁላቸው። ያደረገው ልጅዎ ነው ብላቸው ልባቸው አይችልም። ዓለምብርሃን፣ ይህን ይቅር ልልህ አልቻልሁም።

አሁን ርእሰ መምህሩ አቶ ሰውነት ቅጽ ሰጥተውናል። ሹመትህ ከመጽደቁ በፊት አብረንህ የሠራን ሁሉ ስለ ሥነ ምግባርህ እንድንጽፍ ነው። እኔ ጽፌያለሁ። ከራሴ ነው የጀመርሁት፤ «ባለቤቴ ነጥብ ሲጨምር አይቼ ዝም ብያለሁ» ብዬ። የሚመጣው ዓርብ አስረክባለሁ። ከዚያ በፊት መጥተህ በራስህ አንደበት ከተናገርህ ቅጹን አንተው ቅደደው። ሹመቱ ይቀርብህ ይሆናል፤ እኔም ዝም በማለቴ ከቅጣት አልድንም። ቢያንስ አብረን እንቀጣለን።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርህ አልቀርም። በግምገማው ቀን ሰብሳቢው «ሂሱን ትቀበያለሽ?» ሲለኝ ቀና ብዬ አየሁህ። እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ተቀብያለሁ» ያልሁት እጅህን አይቼ ነው። አንተ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እዚህ ቤት አብረን ባደርንባቸው ሦስት ሳምንታት እንኳ፣ ያላደረግሁትን ለምን እንደተቀበልሁ አንድ ጊዜ አልጠየቅኸኝም።

እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ፤ በመንገድህም ይጠብቅህ። ሐሙስ ማታ በሩን አልቆልፈውም።

ሀብትነሽ